እትዬ አሰገደች እና የኋላው በር

እትዬ አሰገደች ያረፉ ዕለት ጠዋት፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በደጃችን ሲያልፍ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ አግብቼ ሌላውን ጫማ እየፈለግኩ ነበር። «ወይዘሮ አሰገደች እንጦጦ ጸበል ላይ ስላረፉ ቀብር ስምንት ሰዓት ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» እያለ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ወረደ። ባለቤቴ ብርሃኔ «ወይኔ እትዬ! ወይኔ እናቴ!» ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየሮጠች ወጣች። እኔ ባንድ እግሬ ጫማ ተገትሬ ቀረሁ። ማልቀስ ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ታደሰ ይመጣል፣ አልኩ በልቤ።

ታደሰ የእትዬ አሰገደች አንድ ልጅ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ዓይን ለዓይን ሳልገናኘው ኖሬያለሁ። ከጅማ እናቱን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ፒያሳ ከምሰፋበት ሱቅ አልወጣም፤ የሰርግ ሱሪ በዛብኝ፣ ደንበኛ ያዘኝ እያልኩ አመሻለሁ። ብርሃኔ «አንተ ሰውዬ፣ ልጁ በመጣ ቁጥር ነው እንዴ ሰው ሁሉ የሚሞሸረው?» ብላኝ ታውቃለች። አሁን ግን የት ይገባል? ቀብር አይቀርም፤ ድንኳኑም የሚተከለው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው።

ለምን እንደምፈራው ለመናገር መጀመሪያ ስለ እናቱ መናገር አለብኝ።

ግቢያችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ነው። ሦስት ቤተሰብ ነን። በላይኛው ክፍል ጋሽ ሸምሱ ይኖራሉ፤ ደጃፉ ላይ ሱቅ ያላቸው ጉራጌ ናቸው። መሐል እትዬ አሰገደች፣ ታችኛው ክፍል እኔ። የእሳቸውና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው። የግቢው በር የሚወጣው ወደ ላይኛው መንገድ ነው፤ የእኔ ክፍል ብቻ ወደ ኋላ፣ ወንዙ ወዳለበት ቀጭን መተላለፊያ የሚከፈት ሌላ በር አለው። ይህን በር አደራ አትርሱብኝ።

እትዬ አሰገደች ጧፍ ሠሪ ነበሩ። የጥጥ ፈትል ደራርበው ከቀለጠ ሰም ይነክሩና በመዳፋቸው እያሹ ያለሰልሱታል፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስ በር ላይ ለሳሚው ይሸጣሉ። ቀጭን ረዥም ሴት ነበሩ። ጣቶቻቸው በሰም ከመለበጣቸው የተነሣ እንደ ልጅ ጣት ያብለጨልጫሉ። ልብሳቸው፣ ቤታቸው፣ ሰላምታቸው ሳይቀር ሰም ሰም ይላል።

እትዬን እትዬ ያደረጋቸው ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ «እንደምን አደርክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይል የለ? ይላል፤ ያልፋል። ሆዱ እያረረም ይለዋል፣ ጥርሱን እያመመውም ይለዋል። እትዬ አሰገደች ጋ ማለፍ የለም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ካልክ አገጫቸውን ቀና ያደርጉና፣

«ስለ ምን?» ይሉሃል።

ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር እያፋተጉ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። መልስ ሳይቀበሉ ንቅንቅ የለም። «ስለ ጤና» ካልክ አይቀበሉም፤ «ስለ ሰላም»ም አይቀበሉም። «እሱ የሁሉ ሰው ነው፣ ያንተን ንገረኝ። ከትናንት ወዲህ የሆነ፣ በእጅ የሚነካ።» ለሥራ የሚቸኩል ሰው በጠዋት እንዲህ ሲያዝ አስቡት! አንዳንድ ቀን እሳቸውን ሽሽት በግድግዳ ተለጥፌ ላልፍ ስል «ክፍሌ፣ ዛሬ ምስጋና አልቆብህ ነው ጥላህ ብቻ የሚሄደው?» ይሉኛል። ተመልሼ «እሺ፣ ትናንት ዝናቡ ሳይጀምር ቤት ገባሁ» እላለሁ። «እሰይ! ተመስገን ነው! ሂድ አሁን።»

ጋሽ ሸምሱ እንኳ አላመለጡም። «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ «ስለ ምን ጋሽ ሸምሱ?» ይሏቸዋል። አንድ ቀን፣ የአራዳ ሰው አይደሉ፣ «እትዬ አሰገደች እስካሁን የዱቤ ስኳር ስላልጠየቁኝ» ብለው መለሱ። እትዬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ይሄም በእጅ ይነካል፤ አልፈዋል» አሏቸው። ሲውል ሲያድር ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው ደንበኛን «ስለ ምን?» እያሉ ሲያፋጥጡ ሰማኋቸው።

መቼም ደስተኛ ሰው ነበሩ ብላችሁ እንዳታስቡ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ፈሪ ነኝ፤ ውሻ እፈራለሁ፣ አለቃዬን እፈራለሁ፣ ፖሊስ ሳይ ያልሰረቅኩት ይታወሰኛል። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እናቴ ቀድማኝ ሞታ ለማን እንደምሆን አላውቅም እንጂ። አንድ ቀን ይህንኑ አጫወትኳቸውና «እርስዎማ ምን አለብዎት፣ ፍርሃት አያውቁ» አልኳቸው። የሰሙን ድስት ከእሳቱ አውርደው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ይንቀጠቀጣል።

«እኔ? እኔ ካንተ የባስኩ ፈሪ ነኝ» አሉኝ። «ባሌን በጠላት ጊዜ ከቤት ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ታደሰ ሆዴ ውስጥ ነበር። ከፍርሃት ብዛት እህል አልወርድልህ አለኝ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልጁ ሆዴ ውስጥ ይዘላል። የንስሐ አባቴ መጡና አዩኝ። አትፍሪ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ‹ፍርሃቱ ይቀመጥ፤ አንቺ ግን በእጅሽ የምትነኪውን አንድ ነገር ይዘሽ አመስግኚ› አሉኝ። ምን አለኝና? እፊቴ አንድ ጣሳ ውሃ ነበር። ስለ ውሃው አልኩና ጠጣሁ። ወረደልኝ። ከዚያ ወዲህ ይኼው፣ በጠዋት አንድ ካልያዝኩ ከአልጋዬ መውረድ አልችልም። ለጨዋታ የምጠይቃችሁ መስሏችኋል?»

እንዲህ ሆነው ነው ያን ልጅ ያሳደጉት። ታደሰ አድጎ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ቁመናው ያማረ፣ ሳቂታ፣ እኔን «ጋሼ ክፍሌ» እያለ የሚያከብረኝ ልጅ ነበር። የደንብ ልብሱን ወገብ ያጠበብኩለት እኔ ነኝ፤ «ጋሼ፣ ልጃገረዶቹ እንዲያዩኝ አድርገህ ያዝልኝ» እያለ እየሳቀ።

ከዚያ ያ የታኅሣሥ ግርግር መጣ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበረ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ወሬ ሆነ፤ ወዲያው ተኩስ ሆነ፤ ጦሩና ክብር ዘበኛው እዚሁ ከተማው መሐል ተታኮሱ። በሦስተኛው ቀን ተኩሱ እኛ ሰፈር ደረሰ። የእትዬ አሰገደች ክፍል መሐል ስለሆነ፣ ግድግዳውም ወፍራም ስለሆነ ሁላችንም እዚያ ተሰበሰብን፤ ጋሽ ሸምሱ ከነቤተሰባቸው፣ እኔ፣ ብርሃኔ፣ ጡት ያልጣለች ልጃችን። የነቢያት ጾም ነው፤ አንድ ሰሐን ቆሎ መሐላችን አለ፣ የሚነካው የለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ጥይት ባፏጨ ቁጥር ሁላችንም ባንድ ጊዜ ጎንበስ እንላለን።

እትዬ አሰገደች ምን ሲያደርጉ ነበር? ጧፍ ይሠሩ ነበር! ልጃቸው የት እንዳለ አያውቁም፤ ካንዱ ወገን መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ያም ወገን እየተሸነፈ መሆኑን ሰምተናል። እጃቸው ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ፈትሉ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ብርሃኔ «እትዬ፣ ተዉት እንግዲህ» ስትላቸው «ጠማማም ጧፍ ይበራል ልጄ» አሏት። ቀጠሉና ደግሞ «በሉ፣ እንደምን ዋላችሁ?» ብለው ጠየቁን። በዚያ ሰዓት! ሁላችንም በልማድ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። «ስለ ምን? ከጋሽ ሸምሱ እንጀምር።»

ጋሽ ሸምሱ ከንፈራቸው ደርቆ «የሱቄን ቁልፍ ሳልረሳ ይዤ ገብቻለሁ» አሉ። ሚስታቸው «ልጆቼ ሁሉም እጄ ላይ ናቸው» አለች። ተራው ወደኔ ሲደርስ ልጃችን ማልቀስ ጀመረች፤ በርዷታል። ብርሃኔ «ጋቢዋን አምጣልኝ» አለችኝ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎትቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰዓቱ ዘጠኝ ይሆናል።

ጋቢውን አንሥቼ ልወጣ ስል የኋላው በር ተንኳኳ።

ሦስት ጊዜ። ቀስ ብሎ።

«ጋሼ ክፍሌ! ታደሰ ነኝ።»

ድምፁን አወቅኩት። ባላውቀው ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ባልተቃጠልኩ።

«ጋሼ፣ እዚያ እንዳለህ ሰምቻለሁ። ክፈትልኝ። ካልሆነ ኮት ብቻ ወርውርልኝ፣ ይኼን ልብስ ላውልቀው። በላይ መንገድ እየመጡ ነው።»

ልብስ ሰፊ ነኝ። ግድግዳው ላይ አምስት የደንበኛ ኮት ተንጠልጥሏል። አንዱ ክንዴን ይነካኛል፤ ቡናማ ኮት ነበር፣ ቁልፉ ገና ያልተተከለ። እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር። ወታደር የደበቀ ሰው ከነቤተሰቡ ይረሸናል ሲባል ጠዋት ሰምቻለሁ። ብርሃኔን አሰብኩ፣ ልጄን አሰብኩ፤ ኧረ ምን እዋሻለሁ፣ ራሴን አሰብኩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጋቢውን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት፤ ትንፋሼ እንዳይሰማ።

«ጋሼ» አለ እንደገና። ቆይቶ «እናቴ ደህና ናት?» አለ። አልመለስኩም። ከዚያ የጫማው ድምፅ ወደ ወንዙ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ከዚያው አቅጣጫ ተኩስ ሰማሁ።

ወደ እትዬ ቤት ስመለስ ጋቢው ባንድ ወገን ርሶ ነበር። ማንም አላየም። እትዬ አሰገደች ከሰሙ ላይ ቀና ብለው «ምነው ቆየህ? በል ያንተ ተራ ነው። ስለ ምን?» አሉኝ።

አፌ ያለውን እኔ አላዘዝኩትም። «ስለ በሩ» አልኩ። «በሩ ጠንካራ ነው።»

«ተመስገን!» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የኔንም ልጅ ካለበት በር አያሳጣው። በሉ አሜን በሉልኝ።»

ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አልኩ።

ተኩሱ በማግስቱ ጸጥ አለ። ታደሰ ግን አልመጣም። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አደግድገው ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት፣ ጣቢያ ለጣቢያ ሲዞሩ ሰነበቱ። ጠዋት ሲወጡ እኔን በመስኮት ያዩኛል። «ክፍሌ፣ እንደምን አደርክ?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ስለ ምን?» እያንዳንዱ ጠዋት ጉሮሮዬ ላይ የተያዘ ቢላ ነበር። እህል አልወርድ አለኝ። ያን ዕለት የሰማሁት ተኩስ እጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ሞቷል እላለሁ፤ ገደልኩት እላለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሞተስ ማንም አያውቅም እላለሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሰው ሆድ ውስጥ እንደሚያድር ያወቅኩት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አገኙት። በሕይወት አለ፤ ወንዙ ዳር እግሩን ተመትቶ ተይዞ፣ ታስሮ ነበር። ስንቅ ይዘው ሄደው ዐይተውት ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው። ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ደጄ ፊት ቆሙ። ቆሙ፤ ቆሙ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደኔ አነሡ።

«ክፍሌ፣ እንደምን ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«ስለ ምን?» አላሉኝም። ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በማግስቱም አልጠየቁኝም። በሦስተኛው ቀንም። ጋሽ ሸምሱን አልጠየቁም፣ ብርሃኔን አልጠየቁም። የሰሙ ድስት ከእሳት ርቆ ተደፍቶ ከረመ፤ ጊዮርጊስ በር ላይም ቦታቸው ባዶ ሆነ። ብርሃኔ «ልጃቸው ተገኝቶላቸው ምን ሆኑ?» ትለኛለች። እኔ አላውቅም እላለሁ። እየጠበቅኩ ነበር፤ ዛሬ ይጮሁብኛል፣ ዛሬ ለመንደሩ ይነግሩብኛል እያልኩ። የሚጮህ ሰው ይሻላል። ዝም ያለ ሰው ግን አጥንት ይበላል።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት የሰም ሽታ በግድግዳው በኩል መጣ። ስወጣ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ፊታቸው ከስቷል። «እንደምን አደርክ ክፍሌ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» አገጫቸው ቀና አለ፤ ጣታቸው ማፋተግ ጀመረ።

«ስለ ምን?»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ቤት ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አያውቁም ማለት ነው አልኩ። በኋላ ደግሞ ያውቃሉ አልኩ። እንዲሁ ስዋልል ስምንት ዓመት አለፈ። ታደሰ አራት ዓመት ታስሮ ተፈታ፤ እግሩ አነከሰ፤ ጅማ የቡና መጋዘን ጥበቃ ሥራ አገኘና ሄደ። የኋላውን በር በመወርወሪያ ዘግቼ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬን አስደገፍኩበት። ሁለተኛ አልከፈትኩትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት በስቅለት፣ ስንሰግድ ውለን ከጊዮርጊስ ስንወጣ እትዬ አሰገደች ደክሟቸው ክንዴን ያዙ። ያን ክንዴን፣ ኮቱ የነካኝን። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ቅጽሩ ጥግ ቆም አልኩና «እትዬ፣ በዚያን ጊዜ ታደሰ የኔን በር አንኳክቶ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

መሬቱ ዞረብኝ። «መቼ? ማን ነገርዎት?»

«ማን ይነግረኛል? እሱ ነዋ፣ የታሰረበት ስሄድ። ቁጭ በል አሁን፣ ከነዕድሜዬ አትጣለኝ።» ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያን ሳምንት ምን ሆንኩ መሰለህ? ሰሙን አፍልቼ ልደፋብህ አምሮኝ ነበር። ሙት፣ እውነቴን ነው! ድስቱን ሁለት ጊዜ አንሥቻለሁ። ከዚያ ጧፍ ልሠራ ብቀመጥ እጄ እምቢ አለ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? እንዴት አድርጌ ለጊዮርጊስ ጧፍ ልሥራ? ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ስለ ክፍሌ አመስግኚ› አሉኝ! ተናደድኩባቸው። ‹ስለ ምን?› አልኳቸው። ‹እሱን አንቺ ፈልጊው፤ ስትጠይቂ አልነበር የኖርሽው?› አሉኝ።»

ከነጠላቸው ጫፍ የደረቀ ሰም በጥፍራቸው ፋቁ።

«ሰባት ቀን ፈለግኩ። ምንም የለም። እናንተን መጠየቅ ያቆምኩት ለራሴ መልስ ስላጣሁ ነው። በስምንተኛው ቀን አገኘሁ። ‹አልጮኸም› አልኩ። ወታደሮቹ በላይ መንገድ ነበሩ፤ እዚህ አለ ብትል ኖሮ እዚያው በርህ ላይ ይጨርሱት ነበር። ፈርተሃል፤ ግን አልጮህክም። እሱን ይዤ ጀመርኩ። በማግስቱ ሌላ ፈለግኩ፤ ቧንቧ ውሃዬን ተሸክመህልኝ ነበር። በማግስቱ ሌላ። ከልቤ እንዳይመስልህ! ሰው ደስ ሲለው ብቻ የሚያመሰግን ይመስለዋል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው ስምህን የምጠራው። ምስጋናው ቀድሞኝ ሄደ፤ ልቤ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው የደረሰበት።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ተነሥ፣ ሰው ያየናል፤ ስግደቱ አልበቃህም?» አሉኝ።

«ታደሰስ?» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆር አለ። «እሱ የራሱ ልብ አለው። ስለሱ አልምልልህም። ግን አንድ ቀን ያንኳኳል። ያኔ ክፈትለት።»

እንግዲህ ያረፉ ዕለት ጠዋት ባንድ እግር ጫማ የገተረኝ ይኼ ነው። ታደሰ እንጦጦ እናቱን ሲያስታምም እንደሰነበተ ሰምቻለሁ። ግቢው ውስጥ የድንኳኑ እንጨት ሲወርድ፣ ጋሽ ሸምሱ «ወደዚህ! ወደዚህ ያዝ!» እያሉ ሲያዙ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ወጥቼ ማገዝ ነበረብኝ። አልወጣሁም። ቀብሩ ላይ ከሕዝብ መሐል ገብቼ ከኋላ እቆማለሁ፣ ከዚያ ሱቅ እሄዳለሁ ብዬ እያሰላሁ ነበር። ኧረ እፍረት!

ያን ጊዜ ከመተላለፊያው የእግር ድምፅ ሰማሁ። አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። መጥቶ ቆመ።

ሦስት ጊዜ። ቀስ ብሎ።

«ጋሼ ክፍሌ! ታደሰ ነኝ።»

ዐሥር ዓመት ምንም አልለወጠኝም። እጄ ብቻውን ወደ አፌ ሄደ። ወለሉ ላይ ልቀመጥ ዝቅ አልኩ። ሰው ሁሉ በግቢው በር እየገባ እሱ ለምን በዚያ መጣ? ሊገለኝ ነው? ሊሰድበኝ? መብቱ ነው አልኩ። ፀጥ ብል እንደዚያ ቀን ይሄዳል አልኩ። እውነትም የሚጎተተው እግር አንድ እርምጃ ወደኋላ ሲል ሰማሁ።

«ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የኔ አልመስልህ አለኝ። «ቆይ ታደሰ፣ አትሂድ! እየከፈትኩ ነው!»

ጠረጴዛው ከነጨርቁ ከባድ ነው፤ በትከሻዬ ገፋሁት፣ መቀሱም ክሩም ተበተነ። መወርወሪያው ዝጎ እምቢ አለኝ። ጎተትኩት፣ መታሁት፣ ጣቴ ደማ። ካውያዬን አንሥቼ ደበደብኩት። «አትሂድ! እምቢ ያለው በሩ ነው እንጂ እኔ እየከፈትኩ ነው!» እያልኩ እየጮህኩ ነበር፤ ጋሽ ሸምሱ «ምን ሆነሃል ክፍሌ?» ሲሉ በግቢው በኩል ይሰማኛል። በስንት መከራ መወርወሪያው ተፈናጥሮ በሩ ተከፈተ።

ታደሰ ቆሟል። ጠጉሩ ጆሮው አካባቢ ሸብቷል። ሹራቡ በጸበል ቦታው ጭቃ ተለውሷል። ዓይኑ ያበጠ ነው። አየኝ፤ ካውያውን አየ፤ የደማውን ጣቴን አየ።

«ኮት ፈልጌ ነው» አለኝ። «እናቴን በዚህ ልብስ መቅበር አልፈልግም።»

ጥቁር ኮቴን አወረድኩለት፤ ሰርግም ለቅሶም የምለብሰውን። ለበሰው። ትከሻው ልክ ሆነ፣ እጅጌው አጠረ። «ቁም» አልኩትና የእጅጌውን እጥፋት ፈትቼ ላስረዝምለት ተንበረከክኩ። መርፌዋ ሁለት ጊዜ ወጋችኝ፤ አንድ ጊዜ እሱን ወጋሁት። ንቅንቅ አላለም። ከላይ ቁልቁል ያየኛል።

«እናቴ ጠዋት ጠዋት ስምህን ስትጠራ እሰማ ነበር» አለ። «አሜን በል ትለኛለች። ብያት አላውቅም።»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ቀና ማለት አቃተኝ።

«እንደምን አደርክ ጋሼ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ በልማድ ነው፣ ምላስ ያውቀዋል። ሁለታችንም ከግድግዳው ወዲያ ጆሯችንን ጣልን። የለቅሶው ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ የሚጠይቀን የለም።

ቀና ስል ታደሰ አገጩን ከፍ አድርጓል። አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር እያፋተገ ነው።

«ስለ ምን?» አለ።

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። መተላለፊያው ይታያል፤ ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ የተበተነውን ጨርቄን ያነሣል።

«ስለ በሩ» አልኩት። «ተከፈተ።»

ታደሰ የኮቱን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈ። ከዚያ፣ «አሜን» አለ።